እህቴ አፕ የቀየረችበት ሳምንት

እህቴ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨለማ አትፈራም፣ ውሻ አትፈራም፣ አለቃዋን አትፈራም። መርሳት ግን ትፈራለች። እኔ ደሞ ከዚያች ሳምንት ወዲህ እሷ የማትፈራውን ሁሉ እፈራለሁ፣ ስልክ ጭምር።

እትዬ ነው የምላት፣ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ከፊት ሆነው ከሚሸጡት ጋር አይደለችም፣ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌንስ ትሞርዳለች። የዓይን ሐኪሙ የጻፈውን ቁጥር ታያለች፣ ሌንሱን ማሽኑ ላይ ታስራለች፣ ውኃ እየፈሰሰበት ዳር ዳሩን ታስሞርደዋለች፣ ከዚያ ፍሬሙ ውስጥ ጠቅ ታደርገዋለች። የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ ዱቄት ያቦካች ይመስላል። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው የአባባን መነጽር ከአፍንጫው ላይ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ነው።

"ኧረ ልጄ፣ እያየሁበት እኮ ነው" ይላል አባባ።

"በዚህ ነው የምታየው? ይሄ እኮ የአውቶቡስ መስኮት ነው።"

አባባ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የአውቶቡስ ነገር ሲነሳበት ዝም አይልም። "የኔ አውቶቡስ መስኮት እንዲህ አልነበረም" ይላታል። በየቀኑ ነው ይሄ።

መርሳት መፍራት የጀመረችው በእማዬ ጊዜ ነው። የእማዬ የቀጠሮ ወረቀት እትዬ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበር። ሱሪው ታጠበ። ወረቀቱ እንደ ጥጥ ተድቦልቡሎ ወጣ። እትዬ "ማክሰኞ ነው ያሉት" አለች፣ ማክሰኞ ሄድን። ለካ ቀጠሮው ያለፈው ማክሰኞ ኖሯል። ሐኪሙ "አንድ ሳምንት ለውጥ አያመጣም" አለን። እማዬ በዚያው ዓመት አረፈች። ለውጥ አያመጣም ሲል ሁላችንም ሰምተነዋል። እትዬ ብቻ አልሰማችውም።

ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር ስልኳ ላይ መጻፍ ጀመረች። የአባባን ቀጠሮ፣ የጋዙን ቀን፣ የጎረቤቷን ልጅ የጫማ ቁጥር፣ የትኛው ደንበኛ አንዱ ጆሮው ዝቅ እንደሚል። መጀመሪያ ከስልኩ ጋር አብሮ በመጣው ቢጫ አፕ ነበር። ቀጥሎ ፎልደር ያለው ይሻላል አለች፣ ቀየረች። ፎልደሩ በዛ፣ አንዱን ስትፈልግ ሌላው እየወጣ፣ ሳጥን ሳጥን ወዳለው ሄደች። ከዚያ ደሞ ስትናገሪ የሚጽፍልሽ መጣ። እሱን ሥራ ቦታ ከፍታው ማሽኑ ሲጮህ እየሰማ አንድ ገጽ ሙሉ ግጥም የመሰለ ነገር ጽፎ ጠበቃት። ያንን ያጠፋችው በሁለተኛው ቀን ነው።

ሥራ ቦታ ያወጡላት ስም "ተከራይ" ነው። ስሙን ያወጣው ፍሬም የሚጠግነው ሰውዬ ነው፣ እሱን ራሱን ብሎን ነው የሚሉት። ምሳ ይዤላት ስሄድ እሰማዋለሁ።

"ተከራይ! ዛሬስ የት ሰፈር ነሽ?"

"ተወኝ ባክህ።"

"አይ እንደው፣ አዲሱ ቤት ውኃ አለው ወይ ብዬ ነው። አከራዩስ ደግ ነው?"

"ሳቅ አንተ። ነገ ብሎኑን የት እንዳስቀመጥከው ሲጠፋህ እኔ ጋ ነው የምትመጣው።"

እውነቷን ነው፣ ይመጣል።

ቤት በቀየረች ቁጥር ጓዙን የምቆጥረው እኔ ነኝ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። እማዬ ስትታመም ቤት የሚውል ሰው ጠፋ፣ እኔ ዋልኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ሳነብ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። እትዬ ታዲያ ይሄንን ነው የምትወደው። "አንቺ ቃል አትዘይም፣ እኔ እዘላለሁ" ትለኛለች። አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ታስቀምጥልኝና "አመሳክሪ" ትለኛለች። አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። አንድም ቃል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይሄ ያኮራኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

እንግዲህ ያቺ ሳምንት መጣች። የመነጽር ቤቱ ባለቤት አዲስ የሌንስ መቁረጫ ማሽን አስመጣ። ማሽኑ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፣ ሶፍትዌሩን የሚማር ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ አምስት ቀን መሠልጠን አለበት ተባለ። ሌሎቹ ተሸማቀቁ። እትዬ ግን ገና አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እጇን አወጣች። አዲስ ሶፍትዌር ሲባል እሷ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ናት።

ችግሩ የአባባ መድኃኒት ነበር። አባባ የልቡ ምት የተዛባ ነው፣ ደሙ እንዳይረጋ ማቅጠኛ ይወስዳል፣ ግፊትም አለበት። ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን የምትሰጠው እትዬ ናት። ምግቡን እኔ፣ ልብሱን እኔ፣ መድኃኒቱን እሷ። ከእማዬ በኋላ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። እኔ ክኒን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጥቼው አላውቅም።

እሁድ ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ "መፍትሔ አግኝቻለሁ" አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር።

"ምን?"

"አዲስ አፕ። አንድ ማስታወሻ ሁለት ስልክ ላይ ይታያል። አንቺ እዚህ መድኃኒቱን ሰጥተሽ ምልክት ስታደርጊ፣ እኔ ጋ አረንጓዴ ይሆናል። እዚያ ሆኜ አያለሁ ማለት ነው!"

"አሁን ያለውስ ምን ሆነ?"

"አሁን ያለው አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው፣ ሞኚት። ነይ፣ አዛውሬዋለሁ፣ አመሳክሪልኝ። እኔ ሻንጣ ልያዝ።"

የእሷን ስልክ በግራ፣ የኔን በቀኝ አስቀመጥኩ። የእሷ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ አባባ ተቀምጦበት። ከላይ ከጥጉ ተነስተው ሦስት ስንጥቆች ፊቱን አቋርጠው ይሄዳሉ፣ አንደኛው ቀጥ ያለ ነው። መነጽር ቤት የምትሠራ ሴት የተሰነጠቀ መስታወት ይዛ ትዞራለች እያለ ብሎን ይስቅባታል። ማስታወሻዎቹ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ። የአባባን መድኃኒት መጀመሪያ አደረግኩት፣ ሁለቴ አነበብኩት። አምስት መስመር። ነጯ ክብ፣ ረጅሟ፣ ሮዟ፣ ቢጫዋ፣ ግማሿ። አምስቱም በቀኝ በኩል አሉ። ቃሉ ሁሉ አለ።

"አለ?" አለችኝ ከመኝታ ቤት።

"ሁሉም አለ።"

"እንደው አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" ብላ ሻንጣውን ዘጋች።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ መሳቢያው ፊት ቆምኩ። እትዬ ክኒኖቹን በትንንሽ ጠርሙስ ነው የምታስቀምጣቸው። አራቱ ከፊት ተደርድረው ነበር፣ ሮዟን አጣኋት። ዕቃ አውጥቼ፣ ወረቀት አውጥቼ፣ ከመሳቢያው መጨረሻ ከአሮጌ ባትሪዎች ጋር አገኘኋት። እንዴት እዚያ ሄደች ብዬ ለአፍታ አስቤ ነበር። ለአፍታ ብቻ። ስልኩ ላይ አለች፣ አበቃ።

አምስቱን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አባባ አያቸው። በጣቱ ሮዟን ገፋ አደረጋት።

"ይቺም?"

"ስልኩ ላይ አለች አባባ።"

"እንግዲያ ስልኩ ካለ" አለና ዋጣቸው።

ምልክቱን ነካሁት። አረንጓዴ ሆነ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እትዬ "ጎበዝ!" ብላ ጻፈችልኝ። በአዲሱ አፕ ዝርዝሩ ተጣጥፎ ርዕሱ ብቻ ነው ከላይ የሚታየው፣ "የአባባ የጠዋት" የሚል። እሷ የምታየው ርዕሱንና አረንጓዴዋን ነው። ሰኞም አረንጓዴ፣ ማክሰኞም አረንጓዴ። "ጎበዝ!" "ጎበዝ!" ሥልጠናው ክፍል ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ከመግባቷ በፊት፣ ምሳ ሰዓትና ከሥልጠና ስትወጣ ብቻ ነው የምታየው።

ረቡዕ ጠዋት ከተቀመጠበት ላስነሳው ክርኑን ይዤ ሳብ አደረግኩት። ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ሲቀይር የያዝኩበት ቦታ ላይ አምስት ጣቶቼ ታትመው አየሁ። ቀለም እንደተደፋበት፣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር። "አባባ ምን ሆነህ ነው?" ስለው "እጅሽ ከብዷል፣ ምን እየበላሽ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። በዚያው ቀን ክፍት የተውኩት የቁም ሳጥን በር ግንባሩን መታው። ዷ ሲል ከወጥ ቤት ሰምቻለሁ። "ምንም አይደለም፣ በሩ ነው የተጎዳው" አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባባ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ገባሁ። ገንዳው ቀይ ነበር። ሮዝ አይደለም፣ ቀይ። ውኃ ለቆ ያጸዳው መስሎታል፣ ግን ዳር ዳሩ ላይ ቀርቷል።

"አባባ፣ ደም!"

"ብሩሹ ነዋ። ሽቦ ነው የገዛችሁልኝ።"

ብሩሹን ነካሁት። ለስላሳ ነበር። ለእትዬ ልጽፍላት ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ብነግራት ሥልጠናውን ጥላ ትመጣለች። ከመጣች ደሞ "አንድ ነገር ብቻ ነበር የሰጠሁሽ" ትለኛለች። እንደዚያ ብላ አታውቅም፣ ግን እኔ ራሴን ስሳደብ በእሷ ድምፅ ነው የምሳደበው። ስለዚህ ዝም አልኩ። መድኃኒቱንም ሰጠሁት። አዎ፣ ደሙን አይቼ፣ አምስቱንም ሰጠሁት። አረንጓዴ።

ሮዟ ክኒን ልታልቅ ነበር፣ ስምንት ቀርታለች። እሷን ልግዛ ብዬ ጠርሙሱን ይዤ መንገዱን ተሻግሬ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። የመድኃኒት ቤቱ ሴትዮ ከድሮ ጀምሮ ታውቀናለች፣ እማዬንም ታውቃት ነበር። ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ይሄ ለማን ነው የኔ ልጅ?"

"ለአባባ።"

"አባትሽ ቢጫዋን አይደል እንዴ የሚወስደው? ባለፈው ወር እህትሽ ከኔ ነው የገዛችው።"

"ቢጫዋንም ይወስዳል።"

ፈገግታዋ ቆመ። "ሁለቱንም?"

"አዎ።"

"በአንድ ቀን?"

"በአንድ ላይ። ጠዋት።"

መነጽሯን አወለቀች። "ስንት ቀን ሆነው?"

"አራት።"

"ስሚኝ። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፣ ደም ማቅጠን። አንዷ ስትጀመር ሌላዋ ትቆማለች። ደም አይተሻል? ድዱ ላይ፣ ሽንቱ ላይ?"

"ድዱ... ጠዋት..."

"ወድቋል? ጭንቅላቱን መቶታል?"

ቁም ሳጥኑ። ዷ ያለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ እንደገና ጮኸ። ፊቴን አይታ ገባት።

"አሁን ሆስፒታል። ከምሳ በኋላ አይደለም፣ አሁን። ጠርሙሶቹን ሁሉ ይዘሽ። ሩጪ!"

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ። በሩን ስከፍት አባባ ወንበሩ ላይ ነበር፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ አፉ ተከፍቷል።

"አባባ።"

ጠጋ አልኩት።

"አባባ!"

መነጽሩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ደረቱ መነሳቱን ለማየት ሞከርኩ፣ የሸሚዙ መስመሮች ዓይኔ ላይ ተደበላለቁ። ጉልበቱን ይዤ ነቀነቅኩት። እንዳይበልዝ ፈርቼ በሁለት ጣት ነው የያዝኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ አይድረስ።

"አባባዬ!"

"ምንድነው? ደረስን?" ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

ታክሲ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ደጋግሜ የጠየቅኩት፣ ራስህን ያምሃል ወይ፣ ያምሃል ወይ። "ከአንቺ ጥያቄ ወዲህ አዎ" አለኝ። ሹፌሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እውነቱን ይሁን ቀልዱን መለየት አልቻልኩም።

የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት፣ ከእትዬ ብዙ አትበልጥም። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ስንት ሮዝ እንደዋጠ ጠየቀችኝ። አራት አልኳት። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፣ ደገመችው። "አራት!" ብዬ ጮህኩ። የአባባን ግንባር በጣቷ ዳሰሰች፣ ዓይኑ ውስጥ መብራት አበራች፣ "እጄን ይጨብጡ" አለችው። ከዚያ ነርሷን ጠርታ ደም አስወሰደችና የጭንቅላት ምርመራ አዘዘች።

"ይሄ ክኒን እንደቆመ አያውቁም ነበር አባቴ?" አለችው እየጻፈች።

አባባ እኔን አየና መልሶ እሷን አየ። "አውቃለሁ" አለ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ያኛው ዶክተር ባለፈው ወር፣ ሮዟን ተዋት፣ በቢጫዋ ተክተናታል ብሎኛል። በጆሮዬ ነው የነገረኝ።"

"አባባ! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠየቅኩሽ እኮ። ስልኩ ላይ አለች አልሽኝ።" ድምፁ ቁጣ የለበትም። ያ ነው የገደለኝ። "እኔን ደሞ ትረሳለህ ትሉኛላችሁ። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ አሰብኩ። ስልኩ አይረሳም ትሉ የለ?"

በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዱት። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። ከፊት ለፊቴ የአንድ ሰው ጫማ ብቻ ነበር፣ ባለቤቱ የለም። ማን ጫማውን ጥሎ ይሄዳል ብዬ አሰብኩና ማሰቡን ፈራሁት።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ስልኬ ጮኸ፣ እትዬ። ሦስቴ እስኪጠራ አየሁት።

"ሄሎ! ዛሬ ማሽኑን እኔ ራሴ ብቻዬን..." ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ስም ሲጠሩ ሰማች። "የት ነሽ አንቺ?"

"ሆስፒታል።"

ሰው ሲተነፍስ ይሰማል፣ ሰው መተንፈስ ሲያቆምም ይሰማል።

"አባባ አለ፣ ይናገራል፣ ይቀልዳል" አልኳት ቶሎ ቶሎ። "ሮዟን ክኒን ሰጥቼው ነው እትዬ። ከቢጫዋ ጋር። አራት ቀን። ቆማ ነበር ለካ።"

"ሮዟን? ሮዟን ከየት አመጣሻት? ሮዟ እኮ ቆማለች!"

"ዝርዝሩ ላይ አለች።"

"አለች፣ ግን ሰርዣታለሁ! መሃሏ ላይ መስመር አስምሬባታለሁ። ምን ይወስድ ነበር ብለው ቢጠይቁን ብዬ ነው ያላጠፋኋት። ቆይ... ቆይ።" ስልኳን ከጆሮዋ አንስታ እያየች መሆኑ ገባኝ። ድምፁ ራቅ አለ። "አሮጌው ላይ ይኸው፣ መስመር አለባት። አዲሱ ላይ... አዲሱ ላይ የለም። ቃሉን ብቻ ነው ያመጣው። መስመሩን ጥሎታል።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አመሳክረሽ አልነበር? ይሄ መስመር አልታየሽም?"

ታይቶኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ሮዟ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ነበረ፣ ጫፉም ከስንጥቁ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም።

"ስንጥቁ መሰለኝ" አልኳት።

ጥፍሯ መስታወቱን ሲነካካ ሰማሁ።

"እትዬ፣ የስልክሽ ስንጥቅ መሰለኝ።"

"ጣትሽን ብታንቀሳቅሺው ኖሮ" አለች በመጨረሻ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሷ እንደሚናገር ሰው፣ "ጽሑፉን ወደ ላይ ብትገፊው መስመሩ አብሮ ይሄዳል። ስንጥቁ ይቀራል። ይኸው፣ እየገፋሁት ነው። አብሮ ይሄዳል።" ድጋሚ ገፋችው መሰለኝ፣ "ይኸው" አለች። "ይኸው።" ለሦስተኛ ጊዜ ስትል ድምጿ ተሰበረ።

አውቶቡስ ይዤ መጣሁ ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት ሰዓት ከዕድሜዬ ይቀነስ ብትሉኝ እሺ እላለሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሳለሁ። አንዷ ነርስ "ተቀመጪ እህቴ፣ ወለሉ ይቦረቦራል" አለችኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከሆነ ለእትዬ ምን እንደምላት በቃሌ ለማጥናት ሞከርኩ። አንድ ቃል አጠናለሁ፣ ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያው ይጠፋኛል። ለካ መርሳት እንዲህ ነው። እሷ በየቀኑ የምትፈራው ይሄን ነበር።

ዶክተሯ ወጣች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

"ጭንቅላቱ ንጹሕ ነው።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"ገና አታመስግኚ" አለችኝ። "ደሙ በጣም ቀጥኗል። ሆዱ ውስጥ እንዳይፈስ እንፈራለን። መድኃኒት ሰጥተነዋል፣ ሦስት ቀን እዚህ ይቆያል። እናያለን።"

እናያለን። ሐኪም ከሚናገረው ቃል ሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

እትዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች። ሻንጣዋን በእጇ እንደያዘች ነው፣ ደረቷ ላይ የሥልጠናው ባጅ ተንጠልጥሏል። አባባ ተኝቷል፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶበት። መጀመሪያ መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። መልሳ ስታደርግለት አንዱ እጀታ ጆሮውን ሳተ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። የምትመታኝ መሰለኝ። ባትመታኝ የባሰ ነው ብዬም አሰብኩ።

"እኔም ከፍቼ አላየሁትም" አለችኝ። "አራት ቀን አረንጓዴዋን አየሁ። አንዴ ዘርግቼ ባየው አምስት መስመር አያለሁ፣ አራት መሆን እንዳለበት አውቃለሁ። አልዘረጋሁትም። ላንቺ ጻፍኩና እኔ ተኛሁ።"

"መስመሩን ያየሁት እኔ ነኝ እትዬ።"

"ክኒኗን መሳቢያው ውስጥ የተውኳት እኔ ነኝ።"

"ደሙን አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ገንዳው ቀይ ነበር፣ አይቼ ሰጠሁት።"

ይሄን አልነገርኳትም ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። አፏን ልትከፍት ስትል ከአልጋው ላይ ድምፅ መጣ።

"ሁለታችሁም ውረዱ።"

"አባባ!"

"ሹፌርና ረዳት እየተጣሉ አውቶቡስ አይሄድም። ወይ ዝም በሉ ወይ ውረዱ።"

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረች። አባባ መርፌ በሌለው እጁ ጭንቅላቷን ነካ ነካ አደረገ። እኔ የበለዘውን ክንዱን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ጣቶቼ አሁንም እዚያ ታትመዋል፣ አምስቱም።

በሁለተኛው ቀን ሽንቱ ቀይ ሆነ። እሱን አልጽፈውም። በአራተኛው ቀን ጠራ። በአምስተኛው ወደ ቤት መለሱን።

ከዚያ እትዬ አፕ መቀየር ተወች ብላችሁ ካሰባችሁ እህቴን አታውቋትም ማለት ነው። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ሶፋው ላይ ስልኳን አዘንብላ ይዛ አየኋት። አዲስ ነገር እየወረደ ነበር፣ ክቧ እየሞላች።

"እትዬ! ምንድነው እሱ?"

"ማየት ብቻ ነው።"

"እትዬ!"

"ማየት ብቻ አልኩሽ! የጋዙንና የደንበኞቹን ነው የማዛውረው። የአባባን አላስገባም።"

"የአባባስ ታዲያ የት ነው የሚቀመጠው?"

በአገጯ ወደ አባባ ክፍል ጠቆመችኝ።

አባባ ነው የወሰደው። ከሆስፒታል በተመለሰ ማግስት ጠርሙሶቹን ሰብስቦ አልጋው አጠገብ አስቀመጠ፣ ሮዟንም እትዬ ወደ መድኃኒት ቤቱ መልሳ እንድትሰጥ አዘዘ። "ከአሁን በኋላ እኔ ነኝ የምናገረው፣ እናንተ ናችሁ የምትሰሙት" አለን። ዶክተሯም ይሁን አለች፣ ግን አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም አለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሦስታችንም ክፍሉ ውስጥ ነን። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያወጣል፣ እትዬ በሩ ጋ ቆማለች፣ እኔ ውኃ ይዣለሁ። እሱ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። መርሳቱን የፈጠርንበት አይደለም፣ ይረሳል። ትናንት የጎረቤታችንን ስም ጠፍቶት "ያቺ ሳቂታዋ" አላት።

"ነጯ ክብ፣ ለግፊት" ይላል ዛሬ ጠዋት። መዳፉ ላይ ያደርጋታል።

"ረጅሟ፣ ለልብ ምት።"

"ቢጫዋ፣ ለደም። በሮዟ ቦታ የመጣች።"

"አራተኛዋ..."

ቆመ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ሄደ። ጠርሙሱ እጁ አጠገብ ነው፣ አልነካውም። እትዬ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ መልሱን ምላሴ ላይ ይዤዋለሁ። ማናችንም አንነግረውም፣ ይሄን ተስማምተናል። ብንነግረው ነገ ከራሱ ይልቅ እኛን ያምናል።

"አራተኛዋ..." አለ እንደገና። ግንባሩን አሸት አደረገ፣ በሩ የመታው ቦታ ላይ።

እትዬ ወደ መሬት አየች።

"ግማሿ" አለ አባባ። "ሰውነት ላይ ለሚጠራቀመው ውኃ። ግማሿን ብቻ፣ ግማሿ ለነገ።"

ሰበራት፣ ግማሿን ጠርሙሱ ውስጥ መለሰ፣ አራቱን ዋጠ። ብርጭቆውን ስሰጠው ሁለታችንን ተራ በተራ አየን።

"ምን ሆናችሁ? ሰው መድኃኒት ሲውጥ አይታችሁ አታውቁም?"

እትዬ ሥራ ረፈደብኝ ብላ ወጣች። በሩን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆማ ስትተነፍስ ሰማኋት።